ለጡንቻ የተወጋው መርፌ ከአእምሮ ሲደርስ

ነሐሴ 16 ቀን 2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ የሴቶች 5 ሺሕ ሜትር ፍጻሜ ጥሩነሽ ዲባባ በ15 ደቂቃ ከ41.40 ሰከንድ አንደኛ ወጣች። አዲስ አበባ ተወልዳ ለቱርክ የምትሮጠው ኤልቫን አበይለገሰ በ15 ደቂቃ ከ42.74 ሰከንድ ሁለተኛ ሆነች። መሠረት ደፋር ደግሞ በ15 ደቂቃ ከ44.12 ሰከንድ ገብታ ነሐስ ወሰደች። ከዚያ ውድድር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በኦሳካው የዓለም ሻምፒዮና ከኤልቫን የተወሰደ ናሙና ተቀምጦ ቆይቶ በተሻለ ዘዴ እንደገና ሲመረመር ስታኖዞሎል የተባለ አናቦሊክ ስቴሮይድ ተገኘበት። የሁለት ዓመት ውጤቷ ተሰረዘ፤ በቤይጂንግ በ5 ሺሕና በ10 ሺሕ ሜትር ያገኘቻቸው ሁለት የብር ሜዳሊያዎችም በ2009 ዓ.ም. ተነጠቁ። የመሠረት ነሐስም ወደ ብር ከፍ አለ።

ስታኖዞሎል ለስፖርት ወዳጆች እንግዳ ስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ 100 ሜትርን በ9.79 ሰከንድ የሮጠው ካናዳዊው ቤን ጆንሰን ወርቁን ያጣው በዚሁ ቅመም ነበር። በሁለቱም ጊዜ ዓለም የተነጋገረው ሜዳሊያው ለማን ይገባል በሚለው ላይ ነው። እኛም ዘንድ የተሰማው ቁጭት የዚሁ ዓይነት ነበር፤ ተገቢም ነው። ጥሩነሽ በኦሳካው 10 ሺሕ ሜትር መሐል ላይ ተደናቅፋ ወደ ኋላ ከቀረች በኋላ እየገሰገሰች ደርሳ ነው ኤልቫንን የቀደመቻት። የላብን ዋጋ የሚያውቅ ሕዝብ እንዲህ ያለውን ነገር በቀላሉ አያልፈውም።

ይሁን እንጂ ክርክሩ ሁሉ በሜዳሊያ ዙሪያ ሲያልቅ አንድ ትልቅ ጉዳይ ሳይነሣ ይቀራል። ይህ ቅመም የሚገባው ሰው ውስጥ ነው። የሚሠራውም ጡንቻ ላይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ውስጥ ይገባል፣ ስሜትን ይለውጣል፣ ሰውየው ከሚስቱ፣ ከልጁና ከጓደኛው ጋር የሚኖረውን ኑሮ ይነካል። አናቦሊክ ስቴሮይድን የውድድር ሕግ ጥሰት ብቻ አድርገን እስካየነው ድረስ ተጎጂውን አናገኘውም። ተጎጂው ብዙ ጊዜ ስታዲየም ረግጦ የማያውቅ፣ ናሙና የሚወስድለት ሰው የሌለው የሰፈር ወጣት ነውና።

የዘይቱ ጠርሙስ

አናቦሊክ ስቴሮይድ የሚባሉት ቴስቶስትሮንና በእሱ አምሳያ በቤተ ሙከራ የተሠሩ ቅመሞች ናቸው። ቴስቶስትሮን በወንዶች የዘር ፍሬ በብዛት፣ በሴቶች ደግሞ በጥቂቱ የሚመረት ሆርሞን ነው፤ ድምፅን የሚያጎረንን፣ ጢምን የሚያበቅል፣ አጥንትና ጡንቻን የሚገነባ። እ.ኤ.አ. በ1935 በቤተ ሙከራ መሥራት ተቻለ፤ በዚህ ዘርፍ የደከሙት አዶልፍ ቡተናንትና ሊዮፖልድ ሩዚችካም በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። መድኃኒቱ በሐኪም እጅ ሲሆን ሰው ይጠቅማል። ሰውነታቸው ሆርሞኑን ማምረት ያቃታቸው ወንዶች፣ ጉርምስናቸው የዘገየ ልጆች፣ በጽኑ ሕመም ሥጋቸው ያለቀ ታማሚዎች ይታከሙበታል።

ለመርፌ የሚዘጋጀው ቴስቶስትሮን አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ የመስታወት ጠርሙስ ይመጣል። ውስጡ ያለው ቢጫማ ዘይት ነው። ዘይቱ ወፈር ስለሚል ቀስ ተብሎ ይሳባል፤ መቀመጫ ወይም ጭን ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት ይወጋል። ከዚያ ሆርሞኑ ከዘይቱ እየተላቀቀ ለቀናትና ለሳምንታት ደም ውስጥ ይገባል። የጤነኛ ወንድ ሰውነት በቀን ከ3 እስከ 10 ሚሊግራም ያህል ቴስቶስትሮን ያመርታል። ሐኪም እጥረት ላለበት ሰው የሚያዘውም ይህንኑ ለመተካት ስለሆነ በሳምንት ሲታሰብ ከ100 ሚሊግራም ብዙም አያልፍም። ለጡንቻ ብለው የሚወጉ ሰዎች ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይወስዳሉ፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ቅመም በአንድ ላይ ይደባልቃሉ። ለተወሰኑ ሳምንታት ወስደው ያቆማሉ፣ ከዚያ እንደገና ይጀምራሉ። ይህንን “ሳይክል” ይሉታል።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይልኝ። ለአስም፣ ለአለርጂ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዙት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታሶንም “ስቴሮይድ” ይባላሉ፤ ነገር ግን ቤተሰባቸው ሌላ ነው፣ ጡንቻም አይገነቡም። ይህን ጽሑፍ አንብቦ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት የሚያቋርጥ ሰው እንዳይኖር አደራ።

ከአንጎል ደጃፍ

አንጎል ከደም የሚመጣን ነገር ሁሉ ዝም ብሎ አያስገባም፤ የሚያጣራ ግድግዳ አለው። ስቴሮይድ ግን በስብ የሚሟሟ ስለሆነ ግድግዳውን በቀላሉ ያልፋል። ከገባ በኋላም ባዕድ ሆኖ አይቆምም፤ የሚቀበሉት ሴሎች ቀድሞውኑ እዚያ አሉ። ፍርሃትንና ቁጣን የሚመዝነው አሚግዳላ፣ ረሃብን፣ እንቅልፍንና የወሲብ ፍላጎትን የሚመራው ሃይፖታላመስ፣ ትውስታን የሚይዘው ሂፖካምፐስ፣ ሁሉም የቴስቶስትሮን መቀበያ አላቸው። ከፊሉ ቴስቶስትሮንም አንጎል ውስጥ ወደ ኢስትሮጅን ተለውጦ በሌላ በር ይሠራል። እነዚህ ክፍሎች ለጥቂት ሚሊግራም ተሠርተው በድንገት የብዙ እጥፍ ጎርፍ ሲደርስባቸው ስሜት ከልኩ ቢወጣ አያስገርምም።

በአሜሪካ የተሠራ አንድ ጥናት በሃምስተር ላይ ያገኘው ውጤት ብዙ ይናገራል። ሃምስተር አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ ናት። ተመራማሪዋ ሩት ውድና ባልደረቦቿ እንስሳቱ ራሳቸው ፈልገው ቴስቶስትሮንን በቀጥታ ወደ አንጎላቸው የሚያስገቡበት ቱቦ አበጁላቸው። እንስሳቱ ደጋግመው ወሰዱ፤ አብዝተው ወስደው የሞቱም ነበሩ። ሃምስተር መስታወት አይታ በደረቷ ስፋት አትኮራም፣ የሚያደንቃት ጓደኛም የላት። ስለዚህ ቅመሙ በጡንቻና በውዳሴ በኩል ሳይዞር፣ በራሱ አንጎልን የሚያባብል ኃይል እንዳለው ታየ።

ቁጣው፦ እውነቱና ግነቱ

ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ሁሉ አውሬ ይሆናል የሚል ወሬ አለ። ይህ ግነት ነው፤ ግነት ደግሞ ወጣቱን አያስጠነቅቅም። መርፌ የወሰደ ጓደኛው በሰላም ሲኖር ያየ ልጅ ማስጠንቀቂያውን በሙሉ ውሸት ነው ብሎ ይጥለዋልና።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሃሪሰን ፖፕና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት 50 ጤነኛ ወንዶች ለ6 ሳምንት ቴስቶስትሮን እንዲወጉ አደረጉ፤ መጠኑ እየጨመረ በሳምንት እስከ 600 ሚሊግራም ደረሰ። ተሳታፊዎቹም ሆኑ ሐኪሞቹ መቼ እውነተኛው መድኃኒት፣ መቼ ባዶው ዘይት እንደሚወጋ አያውቁም ነበር። ከ50ዎቹ በ42ቱ ላይ ይህ ነው የሚባል የአእምሮ ለውጥ አልታየም። በ6ቱ ላይ መለስተኛ፣ በ2ቱ ላይ ግን ከባድ የስሜት መናር ታየ፤ እንቅልፍ ማጣት፣ ራስን ከልክ በላይ መካብ፣ ትንሽ ነገር የማይታገሥ ግልፍተኝነት።

ከመቶ 84ቱ ደኅና ነበሩ ማለት ነው። ታዲያ የምንጨነቀው ለምንድን ነው? አንደኛ፣ ከስድስት ሰው አንዱ በሐኪም ቁጥጥር ሥር፣ በ6 ሳምንት ብቻ እንዲህ ከተለወጠ፣ ያለ ሐኪም ለዓመታት ከዚያ የበለጠ መጠን የሚወስድ ሰው አደጋው ከፍ እንደሚል ግልጽ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ቅመሙን በገዛ ፈቃዳቸው የሚወስዱ 88 ስፖርተኞችን መርምረው፣ ከመቶ 23ቱ ከባድ የስሜት መዛባት ደርሶባቸው እንደነበር አግኝተዋል። ሁለተኛ፣ ከእነዚያ ጥቂቶች መካከል ማን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚናገር የለም። በ2000ው ጥናት ገር የተባለው ሰው ሊናወጥ፣ ቁጡ የተባለው ሊረጋ ይችል ነበር። ወጣቱ መርፌውን ሲወጋ በገዛ አእምሮው ዕጣ ይጥላል። ዕጣው ክፉ ከወጣ ደግሞ መጀመሪያ የሚመታው እሱን አይደለም፤ አብራው የምትኖረውን ሴት፣ ታናሽ ወንድሙን፣ አጠገቡ የቆመውን ሰው ነው።

በረጅም ጊዜ የሚደርሰውን በተመለከተ በኖርዌይ ኦስሎ አስትሪድ ብዮርነቤክና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት ጥናት አለ። ስቴሮይድ የሚወስዱ ወይም ቀድሞ ይወስዱ የነበሩ 82 ክብደት አንሺዎችን፣ ጨርሶ ካልወሰዱ 68 ክብደት አንሺዎች ጋር አወዳድረው አንጎላቸውን በኤምአርአይ አነሡ። የወሰዱት ሰዎች የአንጎል ውጫዊ ሽፋን ሳስቶ፣ ግራጫው አካልም አንሶ ተገኘ። ምስል ብቻውን መንሥኤውን ከውጤቱ አይለይም፤ ቢሆንም ግኝቱ ችላ የሚባል አይደለም። ይህ ሽፋን ማሰቢያችንና ማመዛዘኛችን ነው፤ በተለይ ከግንባር በስተኋላ ያለው ክፍል የቁጣ ፍሬን ነው። ስቴሮይድ በአንድ በኩል አሚግዳላን ሲያነሣሣ፣ በሌላ በኩል ይህን ፍሬን የሚያላላ ከሆነ ሰው ለምን ከትናንቱ ማንነቱ እንደሚርቅ መረዳት ይቻላል።

መርፌው ሲቆም

ስለ ቁጣው ብዙ ይወራል፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ዝምታ ግን የሚያወራ የለም። ሰውነት ከውጭ ብዙ ሆርሞን ሲገባለት የራሱን ማምረት ያቆማል። ሃይፖታላመስ ለፒቱታሪ ዕጢ፣ ፒቱታሪም ለዘር ፍሬ የሚልኩት ትእዛዝ ይቋረጣል፤ የዘር ፍሬ ይኮማተራል፤ የዘር ፈሳሹ ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። “ሳይክሉ” ሲያልቅ ከውጭ የሚመጣው ተቋርጧል፣ ከውስጥም የሚመረት የለም። ሰውነት እንደገና እስኪነቃ ወራት ያልፋሉ፤ ከዓመት በላይ የሚቆይበትም አለ።

ያን ጊዜ ወጣቱ ድካም ይጫነዋል። እንቅልፉ ይዛባል፣ የወሲብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ በብዙ ድካም የገነባው ጡንቻ ዓይኑ እያየ ይቀንሳል። ድባቴ የሚገባው በዚህ በር ነው። ራስን እስከ ማጥፋት ሐሳብ የሚያደርስ ጊዜ ይህ ነው። ወጣቱ ደግሞ መድኃኒቱን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ መርፌው ነው። አንድ ጊዜ ሲወጋ ሁሉም ይመለሳል። ለመተው የማይችለው ለዚህ ነው። ከተጠቃሚዎች መካከል ከሦስቱ አንድ ገደማው ወደ ጥገኝነት እንደሚገባ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

በእኛ አገር ሱስ ሲባል ጫት፣ መጠጥና ሲጋራ ይታሰባል። ማለዳ ተነሥቶ የሚሠራ፣ እንቁላልና ሥጋ የሚመርጥ፣ መጠጥ የማይቀምስ ልጅ ሱሰኛ ነው ብሎ የሚጠረጥር ወላጅ የለም። እንዲያውም ያመሰግነዋል። የስቴሮይድ ሱስ የሚከፋው በጤና ልብስ ስለሚመጣ ነው።

ያልበሰለ አንጎል

የወጣትነት ጉዳይ ተለይቶ መታየት አለበት። የሰው አንጎል እስከ 20ዎቹ አጋማሽ ድረስ በግንባታ ላይ ነው፤ መጨረሻ የሚጠናቀቀውም ከግንባር በስተኋላ ያለው ማመዛዘኛ ነው። በአሜሪካ ሪቻርድ ሜሎኒና ባልደረቦቹ በጉርምስና ዕድሜ ላሉ ሃምስተሮች ስቴሮይድ ሲሰጡ እንስሳቱ ጠበኞች ሆኑ፤ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም ጠበኝነቱ ወዲያው አልለቀቃቸውም። እንስሳ ሰው አይደለም። ነገር ግን የ17 ዓመት ልጅ መርፌ ሲወጋ ያለቀለት አካል ላይ ጡንቻ እየጨመረ እንዳልሆነ፣ ገና እየተሠራ ያለ አንጎል ላይ እየቀላቀለ እንደሆነ ሊነገረው ይገባል።

ልጅ ደግሞ ትልቅ ሰው የሰጠውን ያምናል። በቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ በመንግሥት ምሥጢራዊ ዕቅድ ወደ 10 ሺሕ ለሚጠጉ ስፖርተኞች ስቴሮይድ ተሰጥቷል። ብዙዎቹ ገና ያልጎለመሱ ልጃገረዶች ነበሩ፤ ሰማያዊዋን ክኒን ቫይታሚን ናት ተብለው ነው የዋጡት። ድምፃቸው ጎረነነ፣ የወር አበባቸው ተዛባ፣ ከድባቴ ጋር ለዓመታት የታገሉ አሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋነኞቹ ኃላፊዎች ማንፍሬድ ኤቫልድና ማንፍሬድ ሆፕነር በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባሉ። ጥፋቱ ግን ተመልሶ አልተሠረዘም። አሠልጣኝን እንደ አባት በሚያይ አገር ይህ ታሪክ ለእያንዳንዱ የስፖርት ማሠልጠኛ ሊነገር ይገባዋል።

የሕጉ ክንድ የሚደርስበትና የማይደርስበት

ኢትዮጵያ በዚህ ጉዳይ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። በመጋቢት 2008 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ማኅበር አገራችንን ከሞሮኮ፣ ከኬንያ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር በጥብቅ ክትትል ሥር እንዳደረጋት ፕሬዚዳንቱ ሴባስቲያን ኮ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ ብሔራዊ የፀረ አበረታች ቅመሞች ተቋም ቆመ፤ የምርመራውም ቁጥር አደገ። በ2009 ዓ.ም. አንድ የማራቶን ሯጭ በአበረታች ቅመም ምክንያት በ3 ዓመት እስራት ተቀጣ። ቅርብ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023ቱ የቡዳፔስት የዓለም ሻምፒዮና በ3 ሺሕ ሜትር መሰናክል 4ኛ የወጣችው ዘርፌ ወንድማገኝ ቀይ የደም ሴሎችን በሚያበዛው ኢፒኦና በቴስቶስትሮን ምክንያት ለ5 ዓመት ታግዳለች። ሯጭ ስቴሮይድ የሚፈልገው ለመግዘፍ አይደለም፤ ከከባድ ልምምድ ቶሎ አገግሞ በማግስቱ ሌላ ከባድ ልምምድ ለመድገም ነው።

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ግን ተወዳዳሪን ነው። ናሙና የሚወሰደው ከስፖርተኛ ነው፤ ዕገዳውም ትርጉም ያለው ለሚወዳደር ሰው ነው። ጂም ገብቶ ደረቱን ማስፋት የሚፈልግ ልጅ ከዚህ መረብ ውጪ ነው። ማንም አይመረምረውም፤ ማንም አያስተምረውም። የሚያውቀውን ያወቀው ከጂም ጓደኛውና ከስልኩ ነው። በጥቁር ገበያ የሚሸጠው ጠርሙስ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥለትም የለም።

ካምባና የጋሞ አባቶች

እዚህ ላይ በጋሞ ዞን ያለችውን ካምባን የማነሣው ችግሩ እዚያ በርትቷል ለማለት ሳይሆን፣ ከዚህ መረብ ውጪ ላለው ወጣት ምሳሌ እንድትሆነን ነው። ከአርባ ምንጭ በደቡብ ምዕራብ ያለችው ካምባ ደጋና ቆላ በዳገት የሚገናኙባት አገር ናት። ማሳው በእጅ ይቆፈራል፣ ሸክም በትከሻ ይወጣል፤ ጉልበት ያለው ወጣት ይከበራል። የአገራችን የገጠር ከተማ ወጣት ሰውነቱን ሲያሠራ የሚጠቀምበትን መሣሪያ ያየ ሰው ብልሃቱን ያደንቃል፦ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ተሞልቶባቸው፣ በብረት ዘንግ ተያይዘው፣ ደርቀው ክብደት ይሆናሉ። ይህ ልጅ ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ አርባ ምንጭ፣ ሐዋሳ ወይም አዲስ አበባ ይሄዳል። ጂም ይገባል፤ በአንድ ዓመት የሠራውን ሌላው በሁለት ወር ሲያልፈው ያያል። ጥያቄው የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ቤቱ ሳለ ያልሰማውን ምክር ከዚያ በኋላ መስጠት አስቸጋሪ ነው።

ጋሞ ለዚህ ጉዳይ የሚያበረክተው ከሌላው የሚበልጥ ነገር አለው። መስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ የደረሰው ግድያ ሲሰማ የአርባ ምንጭ ወጣቶች ለበቀል ተነሥተው ነበር። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። አገር ሁሉ ያንን አይቶ ተደነቀ። በዚያች ሰዓት የሆነውን በአንጎል ቋንቋ ካየነው፣ ቁጣ ነድዶ ሳለ ማመዛዘኛው ገና ሥራ ላይ ስለነበረ የአባት ልመና የሚገባበት ቀዳዳ አገኘ። ወግ፣ ሃይማኖትና የሽማግሌ ቃል የሚሠሩት በዚህ ቀዳዳ ነው።

ስቴሮይድ የሚያጠብበው ይህንኑ ቀዳዳ ነው። በዱቡሻ፣ በጋሞ የሸንጎ አደባባይ፣ ተቀምጦ ጠብ የሚያይ ሽማግሌ ማን ማንን በደለ ብሎ ይጠይቃል፤ ጠብ ምክንያት አለውና። በመርፌ የመጣ ቁጣ ግን በደል አይፈልግም። ባልና ሚስት ታርቀው በሳምንቱ ተመልሰው ይጣላሉ፤ ሽማግሌው የእርቁ ጉድለት ይመስለዋል፤ ሴቲቱ ጥፋቱን በራሷ ላይ ትፈልጋለች። ስለዚህ ለሽማግሌ፣ ለወላጅ፣ ለጤና ባለሙያና ለፖሊስ አንድ ጥያቄ መጨመር አለበት፦ ይህ ልጅ የሚወስደው ነገር አለ? በጥቂት ወራት ውስጥ በልምምድና በምግብ ብቻ የማይገኝ ግዝፈት፣ ትከሻና ጀርባ ላይ በብዛት የወጣ ብጉር፣ የወንድ ጡት ማበጥ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቀድሞ ያልነበረ ግልፍተኝነትና ቅናት በአንድ ላይ ከታዩ ጥያቄው ሊዘገይ አይገባም።

ምን ይደረግ?

መጀመሪያ፣ የሚወስድ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ጊዜ ቆርጦ ቤቱ እንዲተኛ መምከር አደገኛ ነው፤ ድባቴው የሚበረታው ያን ጊዜ ነው። ሆስፒታል ይሂድ፤ የወሰደውን ሳይደብቅ ይንገር፤ ሆርሞኑም አእምሮውም በአንድ ላይ ይታዩለት። ድባቴ ይታከማል፤ የሆርሞኑ ሥርዓትም በጊዜና በክትትል በብዙዎች ላይ ይመለሳል። ራሴን አጠፋለሁ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ብቻውን አይተዉት፤ በዚያው ዕለት ይውሰዱት።

ቀጥሎ፣ ቴስቶስትሮን የሐኪም ማዘዣ የሚያስፈልገው መድኃኒት ስለሆነ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ፋርማሲ ሕግ ይጥሳል። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ምግብና መድኃኒትን የሚቆጣጠሩት አካላት ዓይናቸውን ከመደርደሪያው አልፎ በማኅበራዊ መገናኛ ወደሚካሄደው ሽያጭ ሊያዞሩት ይገባል። ለጂም ፈቃድ የሚሰጥ ከተማ ደግሞ አሠልጣኙ ስለ አበረታች ቅመም ሥልጠና እንዲወስድ ማስገደድ አይከብደውም።

ከሁሉ በላይ የፀረ አበረታች ቅመሞች ትምህርት ከብሔራዊ ቡድን ካምፕ ወጥቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይግባ። የካምባ ልጅ ወደ አርባ ምንጭ በሚሄደው መኪና ከመሳፈሩ በፊት፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ሳይጋነንና ሳይሸሸግ ይሰማው። አርባ ምንጭ ላይ ሕክምናንም ስፖርት ሳይንስንም የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁለቱ ክፍሎች ተባብረው በዞኑ ትምህርት ቤቶችና ጂሞች ቢዞሩ የሚጠይቀው ገንዘብ ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ሰው ግን ብዙ ነው። ለሜዳሊያችን ስንል ሯጮቻችንን መመርመር ጀምረናል። የሚቀረን ለልጆቻችን አእምሮ ስንል የማንመረምረውን ወጣት ማስተማር ነው፤ ይህን ለማድረግም ከውጭ ማስጠንቀቂያ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም።